የሰሌን ቢጫ

«ዶክተር! ዶክተር፣ ቶሎ ይምጡ! ቢጫ ነው፣ ድምቅ ያለ ቢጫ!»

ተማሪዋ ጁምዋ ስትጮህ ምዋናሻ የመለኪያውን ገመድ ጫፍ ይዛ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ነበር። ባሕሩ ወደኋላ ሸሽቶ የኮራሉ አለት ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቷል። በየጉድጓዱ በቀረው ውሃ ውስጥ የባሕር አበቦች ጣቶቻቸውን ዘርግተው ይወዛወዛሉ። አበባ የተባሉት ለመልካቸው ነው እንጂ እንስሳት ናቸው፤ አለት ላይ ተጣብቀው የቀረባቸውን ትንሽ ዓሣ እየነደፉ ይበላሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስቱ ሰዎች በገመዱ ግራና ቀኝ ያለውን እየቆጠሩና ዓይነቱን እየለዩ መጥተዋል። ቡናማ ነበረ፣ አረንጓዴ ነበረ፣ የጣቶቹ ጫፍ ሐምራዊ የሆነም ነበረ። ቢጫ ግን አልነበረም።

የባሕር ተመራማሪው ዶክተር ፉሞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንደጠቀለለ ውሃውን እያንቦጫረቀ ሮጠ። ሆዱ የገፋ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው እንደ ልጅ ሲሮጥ ማየት ሌላውን ያስቅ ይሆናል። ምዋናሻ ግን ከጠዋት ጀምሮ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግሩ የኮራል ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጮኾ እንዲወድቅ። አልወደቀም።

«ሱብሃነላህ!» አለ ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ። «ጁምዋ፣ ይኼ በየትኛውም መጽሐፍ የለም! በየትኛውም!»

ምዋናሻ ካንጋ ሽርጧን ወገቧ ላይ አጥብቃ ቀረበች። አንድ ጊዜ ማየት በቃት። ያ ቢጫ የባሕር ቢጫ አይደለም። የመንደሯ የኪሩዌ ሴቶች ለሰሌን የሚሆን የዘንባባ ቅጠል ሲያቀልሙ በብረት ድስት የሚያፈሉት ቢጫ ነው፤ በመንደሩ በየደጃፉ ተዘርግቶ ልጆች የሚንከባለሉበት። ማን እንደነከረውም ወዲያው ገባት። የአክስቷ ልጅ ኮምቦ ከነሕይወታቸው የሚሸጡ ጌጠኛ ዓሦችና የባሕር አበቦች እየለቀመ ለሞምባሳ ነጋዴዎች ያስረክባል። ቀለም ያለው ባሕር ማዶ በደንብ ይሸጣል ብሎ አንዱ ነጋዴ እንዳስተማረው ራሱ ነግሯታል።

አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«አንቺ እዚህ ነው ያደግሽው» አላት ፉሞ፣ ዓይኑን ከጉድጓዱ ሳይነቅል። «እንዲህ ያለ እዚህ በቅሎ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እዚህ በቅሎ? በጭራሽ።»

ውሸት አልነበረም። የተነከረ እንጂ የበቀለ አይደለምና።

ይህን ሰው አጅባ ባሕር የወረደችው ወዳ አይደለም። ኦክቶፐሱ እስኪያድግ መንደሩ የአለቱን አንድ ወገን ዘግቶታል፤ በማግስቱ በሥነ ሥርዓት እስኪከፈት ድረስ ማንም እግሩን አያስገባም። ለምርምር ፈቃድ ይዞ የመጣ እንግዳ ቢኖር እንኳን አለቱን ከሚጠብቀው የመንደሩ ኮሚቴ አንድ ሰው አብሮት መሆን አለበት። ተራው የምዋናሻ ነበር። የእንግዳውን ስም ስትሰማ ተራዋን ለሌላ መስጠት ትችል ነበር፤ አልሰጠችም። ፊት ለፊት ልታየው ፈለገች። እሱ ደግሞ ጠዋት ዳርቻው ላይ ሲያገኛት እጁን ዘርግቶ፣ «ወፈርሽ እኮ! ትዳር ተስማማሽ ማለት ነው» አላት።

«አላገባሁም።»

«አይዞሽ። ያለፈው አልፏል። ያኔ ሁላችንም ወጣት ነበርን።»

ያኔ እሱ ሃምሳ ሊደፍን ምንም አልቀረውም ነበር። ወጣቷ እሷ ብቻ ነበረች፤ እንደ ዛሬዋ ጁምዋ ተማሪው ሆና፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለውን ዳርቻ እየዞረች የባሕር አበባ ዓይነቶችን የምትመዘግብ። ወደ አንደኛው ቦታ የሚወስዳቸው ጀልባ ነዳጅ ለፉሞ የግል ጉዳይ ዋለና ሳይሄዱ ቀሩ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁጥር ፈጠረ። ጽሑፉ ሲወጣ፣ «ልጅ ነሽ፣ ይጠቅምሻል» ብሎ የእሷን ስም ከፊት አስቀደመ። ደስ ብሏት ለአባቷ ደውላ ነግራው ነበር! ለካስ ያ ቦታ መርከብ እንዲገባበት ተብሎ ቀድሞ ተቆፍሮ ኖሮ አለት የሚባል ነገር የለበትም። ገምጋሚዎቹ ጭቃ ላይ የባሕር አበባ ቆጥራችኋል ብለው ሳቁ። ፉሞ የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ፊት ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ፣ «አምኛት ነው» አለ። ያቺ አንዲት ቃል ለእሱ በቃችው። ምዋናሻ ያለ ዲግሪ ወደ ኪሩዌ ተመለሰች። አባቷ «ልጅህ ውሸታም ናት አሉ» ሲባል ሰምቶ መስጊዱ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ አቆመ፤ በዚያው ዓመት ዝናብ መሐል ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። ምዋናሻ ግን ገዳዩን በስም ትጠራዋለች።

አሁን ያ ሰው ቢጫውን የባሕር አበባ ከነሥሩ በጥንቃቄ ፈልቅቆ በጨው ውሃ የተሞላ ማሰሮ የሚያህል የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገባው። 

«ነገ አለቱ ሲከፈት እናሳውቃለን» አለ።

«ዶክተር፣ ላብራቶሪ ሳይገባ?» አለች ጁምዋ።

«ላብራቶሪው የትም አይሄድም። ቴሌቪዥኑ የሚመጣው ግን ነገ ብቻ ነው።»

ምዋናሻ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። ስትጠቀልል ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ሳቅ እንዳያመልጣት።

ኮምቦን ከሰዓት በኋላ ጓሮው ውስጥ መረብ ሲጠግን አገኘችው። ነገሩን ስትነግረው መረቡ ከእጁ ወደቀ።

«ወሰዱት? ወይኔ! ሦስት ነበሩ፣ ሁለቱ ሞተውብኝ ታጥበው ሄዱ። ያንን ነጋዴው እስኪመጣ ብዬ...»

«የተዘጋ አለት ውስጥ! ኮሚቴው በዘጋው አለት ውስጥ ደበቅከው?»

«ማንም አይገባማ! ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የት አገኛለሁ?» አለና በራሱ ብልጠት ትንሽ ሊስቅ ሞከረ። ፊቷን ሲያይ ተወው። «እህቴ፣ ሂጂና የኔ ነው በያቸው። ፈቃዴን ይቀሙኝ፣ ምን ይደረግ። ሰውየው በአደባባይ ከሚዋረድ ይሻላል።»

«ለእሱ ነው የምታዝነው?»

«አላዝንም፣ ግን...»

«አባዬን ከመስጊድ ያስቀረ ሰው ነው። አንተ አይደለህ እንዴ መቃብሩን የቆፈርከው?»

ኮምቦ የወደቀውን መረብ አነሳ። ሚስቱ ማይሙና ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የዘንባባ ቅጠል ስትነክር ስለዋለች ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቢጫ ናቸው።

«ተይው» አለች ማይሙና ለባሏ ሳይሆን ለምዋናሻ። «ተይው ሰውየው የእጁን ይብላ።»

«የተዘጋ አለት በመግባትህ አንተም አትቀርም» አለችው ምዋናሻ ለኮምቦ። «ኮሚቴው ፊት የማቀርብህ እኔ ነኝ። ከነገ በኋላ ግን። እስከዚያ አፍህን ዝጋ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ስታልመው የኖረችው ነገር በገዛ እግሩ መጥቶ ደጇ ላይ ቆሟል። ነገ በቴሌቪዥን ይናገራል፤ ከወር በኋላ ላብራቶሪው የሰሌን ቀለም ነው ይላል። በሄደበት ሁሉ የሰሌን ዶክተር ይሉታል። ሰው ሲያየው አፉን ሸፍኖ ይስቃል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቅቤው እስከ ማታ አልቆየም። የመግሪብ ሶላት እንዳለቀ ጁምዋ በሩን አንኳኳች። ምዋናሻ በኮኮናት የሠራችውን ሩዝ አቀረበችላት፤ ልጅቷ ግን ከደስታዋ ብዛት መጉረስ አቃታት።

«ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ፣ እህት ምዋናሻ? ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ስምሽ ከፊት ይሁን አሉኝ! እሳቸው ሁለተኛ ሊሆኑ! ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች።»

ምዋናሻ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

«ከፊት?»

«ልጅ ነሽ፣ ይጠቅምሻል አሉኝ።»

ቃል በቃል። ሰውየው ቃሉን እንኳን ለመቀየር አልደከመም። ያላጣራው ነገር ላይ ሁሉ ከፊቱ ልጅ ያቆማል፤ ድንጋይ ከተወረወረ ልጅቷን ይመታል። አንድ ቀን ቢጫው ሲጋለጥ ፉሞ ጉባኤ ፊት ቆሞ ራሱን ይነቀንቅና አምኛት ነው ይላል። ጁምዋ በሻንጣዋ ዕቃዋን ከትታ ወደ እናቷ ትመለሳለች። የምዋናሻ በቀል የሚያርፈው የሷው ቢጤ ራስ ላይ ነው።

ደሟ ፈላ። በቀሏን ደግሞ ሊቀማት ነው! ለቅጽበት፣ ትቃጠል፣ እኔስ ተቃጥዬ የለ፣ አለች በልቧ። ይህን ማሰቧ እውነት ነው፤ ልጅቷን እያየችም አሰበችው። ጁምዋ ደግሞ ሩዙን ረስታ ነገ ስለምትለብሰው ልብስ ታወራ ነበር።

«ከባሕር አበባው ጣቶች ቆርጣችሁ ምን አደረጋችሁ?» አለች ምዋናሻ በመጨረሻ።

«አልኮል ውስጥ ከተትነው። አልኮሉ ቢጫ ሆነ። ዶክተሩ ሁሉም ትንሽ ይለቃል አሉ።»

«ብልቃጥ ይዘሻል? አልኮል ያለበት።»

ጁምዋ ከቦርሳዋ አወጣች። ምዋናሻ ከተቀመጡበት ሰሌን ጠርዝ አንዲት ቢጫ ክር መዝዛ ብልቃጡ ውስጥ ጣለቻት። ሁለቱ ጎንበስ ብለው አዩ። ቢጫው ከክሯ እየተነቀለ ወደ ታች ወረደ፣ ተሰራጨ፣ አልኮሉን ሞላው። ጁምዋ ሁለተኛውን ብልቃጥ፣ የጠዋቱን፣ አውጥታ ጎን ለጎን ያዘችው። ምንም ልዩነት የለውም።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ጁምዋ።

«የኔ ዘመድ ነው። ለነጋዴ።»

«ጠዋት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ምዋናሻ ነገረቻት፤ ነዳጁን፣ የተቆፈረውን ቦታ፣ ከፊት የመጣውን ስም፣ አባቷን። ስትጨርስ ጁምዋ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ተነሳች።

«ልነግራቸው ነው።»

«ሂጂ ንገሪው» አለች ምዋናሻ። «ከማን እንደሰማሽም ንገሪው።»

ልጅቷ ስትወጣ ምዋናሻ ባዶው ሰሌን ላይ ተቀመጠች። ራሷን ረገመች። አሁን ይሰማል፣ ማሰሮውን ይደብቃል፣ ነገ ስለ ሌላ ነገር አውርቶ በመኪናው ይሄዳል። ለዘላለም ይድናል! ያዳነችውም እሷ ራሷ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጠች።

በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ መንደሩ ሁሉ ዳርቻው ላይ ነበር። ሴቶቹ የኦክቶፐስ መውጊያ ዘንጋቸውን ይዘው አለቱ እስኪከፈት ቆመዋል፤ ሽማግሌዎቹና የወረዳው ባለሥልጣናት ጥላ ሥር በተነጠፉ ሰሌኖች ላይ ተቀምጠዋል። የቴሌቪዥኑ ሰው ካሜራውን ተክሏል። ካሜራው ፊት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ማሰሮ የሚያህለው መስታወት ተቀምጧል። ቢጫው ውስጡ አለ።

ጁምዋ ዓይኗ አብጦ መጣችና ምዋናሻን ወደ ጀልባዎቹ ወሰደቻት።

«ብልቃጦቹን አሳየኋቸው። አላዩም። የነገረችሽ ምዋናሻ ናት አይደል አሉኝ። አዎ ስላቸው ሳቁ። ያቺ ውሸታም ናት፣ በውሸት የተባረረች ናት፣ ልታበላሽብኝ ነው የምትፈልገው አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ስሜ ይውጣልኝ አልኳቸው። ስምሽ ባለበት ይኖራል፣ ወደ ኋላ ካልሽ መመረቅ የሚባል ነገር እርሺው አሉኝ።» ልጅቷ እጇን ያዘቻት። «እህቴ፣ ምን ላድርግ?»

ምዋናሻ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ነገር በደረቷ ውስጥ እንደ ምድጃ ሞቀ። ለካስ የራሱን ውሸት ራሱ አምኖታል! ያኔ የእሷን ስም ባያጠፋ ኖሮ ትናንት ሌሊት ይድን ነበር። ደስታዋን ልትደብቀው እንኳን አልሞከረችም።

«ምንም አታድርጊ» አለቻት። «ዝም በይ። ምን ብል ዝም በይ።»

ዝግጅቱን የምትመራው በኮሚቴው ስም ምዋናሻ ነበረች። ዱዓ ተደረገ፣ አንዱ ባለሥልጣን ተናገረ። ከዚያ ምዋናሻ ማይክሮፎኑን ተቀበለች። ፉሞ አዲስ ነጭ ካንዙ ቀሚሱን ለብሶ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ሰው አብጠርጥራ ታውቀዋለች። የሌላ ሰው ጥፋት ሲሆን ከኋላ መቆም ይችልበታል፤ ለሌላ ሰው ሲጨበጨብ ግን መቆም አይችልም።

«ዛሬ አለታችን ሌላም ደስታ አለው» አለች። «በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ የባሕር አበባ እዚህ ተገኝቷል ይላሉ እንግዶቻችን። ያገኘችውም ይህቺ ወጣት ናት! ጁምዋ፣ ተነሺ! ዶክተሩ እንኳን ያኔ አጠገቧ አልነበሩም፤ ሩቅ ነበሩ፣ ስትጮህ ሰምተው ነው የመጡት። ግኝቱ የሷ ነው፤ የልጃችን ነው! እልል በሉላት!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ካሜራው ዞሮ ጁምዋ ላይ አረፈ። ልጅቷ እንደ አመድ ነጥታ ምዋናሻን አየቻት፤ ሸጠሽኝ የሚል ዓይን ነበር። ባለሥልጣኑ ራሱ ተነስቶ እጇን ጨበጣት። የቴሌቪዥኑ ሰው፣ «እስቲ እህቴ፣ ወደ ማሰሮው ጠጋ በይ» አለ።

ፉሞ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ትንሽ ታገሠ። ብዙ አልቻለም። ብድግ ብሎ ከምዋናሻ እጅ ማይክሮፎኑን ወሰደ፤ ሊነጥቅ ምንም አልቀረውም።

«ትንሽ ማስተካከያ» አለ። «ጁምዋ ጎበዝ ልጅ ናት። ነገር ግን ገመድ ይዛ ነው የነበረችው። መጮህና ማግኘት ይለያያል። ይህ አዲስ ዝርያ መሆኑን የለየው ይኼ ዓይን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የነጣው ይኼ ፀጉር ነው።»

ምዋናሻ ጎንበስ ብላ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበች። ድምጿን አክብሮት ሞላችው።

«ይቅርታ ዶክተር፣ እኛ የመንደር ሰዎች ስለሆንን ነው የተሳሳትነው። የጁምዋ ስም ከፊት ነው ሲባል ሰምተን ነበር።»

«ከፊትም ከኋላም የለም! ግኝቱ የኔ ነው።»

«ያወጡትም፣ የመረመሩትም እርስዎ ብቻ ነዎት?»

«በገዛ እጄ! ሌላ የነካው ሰው የለም።»

«ሰምታችኋል?» አለች ወደ ካሜራው። «ዶክተሩ ድገሙ ተብለው እንዳይጉላሉ፣ ተቀርጿል?»

የቴሌቪዥኑ ሰው አውራ ጣቱን አነሳ። ጁምዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፉሞ መስታወቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ለባሕሩ፣ ለሰዉ፣ ለካሜራው አዞረው፤ ቢጫው ፀሐይ ላይ አበራ።

ማይሙና ከሴቶቹ መሐል ሹልክ ብላ መጥታ ምዋናሻን በክርኗ ጎሸመቻት። ፊቷ የደነገጠ ሰው ፊት ነበር፤ ትናንት ይብላ ያለችው ሴት አይደለችም።

«አንቺ፣ ሰውየው እኮ እውነትም አመነ» አለች በሹክሹክታ። «ካሜራው ሳይነቀል አንድ ቃል በይው። በቃው። ትልቅ ሰው ነው።»

ጊዜ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ ጆሮው ላይ አንድ ቃል ብትናገር፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብልቃጦቹን ብታሳየው፣ አሁን ደንግጦ ሊሰማ ይችል ነበር። ፉሞ ዞር ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያቺ የድሮዋ ማዘን የሚመስል ነገር ነበረች፤ ጉባኤው ፊት ራሱን ሲነቀንቅ የነበረችው።

ምዋናሻ ማይክሮፎኑን አሸዋው ላይ አስቀመጠችና ከሁሉም ቀድማ ማጨብጨብ ጀመረች።